በአንድ ቀን አምስት ሸሚዝ

አክስቴ ሻንጣዬን ሶፋው ላይ ከፍታ አምስት ሙሉ ልብስ ከተተችልኝ። ጂንስ ከነቲሸርቱ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰው ጥቁር ጉርድ ከነሸሚዙ፣ ለሰው ሰርግ ያሰፋሁት ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው።

«እትዬ፣ ለአራት ቀን እኮ ነው የምሄደው። ባንኮክ ነጠላ ለብሼ የት ልገባ ነው?»

«ለፎቶ ነው። ለኢሚግሬሽን ሰዎች በአንድ ልብስ ሃያ ፎቶ ብትልኪላቸው ‹እነዚህ መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው› ይሉሻል። ሰው ሲተዋወቅ ልብስ ይቀይራል።»

አክስቴ የወረቀት ነገር ታውቃለች። ከቤተ ክርስቲያናችን እጮኛ ከአገር ቤት ማምጣት የሚፈልግ ሁሉ አትላንታ ዳር ቻምብሊ ያለው አፓርታማችን ይመጣል፤ እሷ መነጽሯን ሰክታ ኪችን ጠረጴዛው ላይ ፎርሙን ትሞላለታለች። ሥራዋ አይደለም። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። ግን እሷ የሞላችው ፎርም ተመልሶ አያውቅም ስለሚባል ሰው ከኬኔሶ ድረስ እየነዳ ይመጣል። ሕጉ እጮኛሞቹ በአካል ተገናኝተው መተያየት አለባቸው ይላል፤ መተያየታቸው ደግሞ ፕሩፍ ይፈልጋል። ፕሩፍ ማለት የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ወረቀትና ፎቶ ነው። በተለይ ፎቶ። ስንት ሰው ፎቶውን ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ፤ አክስቴ እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋቸውና «ይሄ ይሁን፣ ይሄ ይቅር፣ እዚህ ላይ ተኮራርፋችኋል» ትላለች። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር።

አሁን ተራው የኔ ሆነ።

ሰውዬው የአክስቴ የድሮ ጎረቤት ልጅ ነው። አክስቴ አሜሪካ ሆና እናቷ አዲስ አበባ ስትሞት፣ ያስታመሙትም ገላዋን አጥበው የገነዙትም የእሱ እናት ናቸው። አክስቴ ያንን ቀን መቅበር ያልቻለችውን እናቷን እያሰበች ትኖራለች፤ እኚያ ሴትዮ «ልጄን ወደናንተ አምጪልኝ» ሲሏት እንዴት እምቢ ትላለች? እሺ አለች። እኔን ሳትጠይቅ አይደለም፤ ጠይቃኛለች። «በስልክ አውሪው። ካልጣመሽ ትተይዋለሽ» ነው ያለችው።

ጣመኝ። እዚህ ላይ አልዋሽም። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሃይ ስኩል ጨርሼ ነርሲንግ ሆም ገብቼ አሮጊቶች እያጠብኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤት። በምሳ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳንድዊቼን ጭኔ ላይ አድርጌ በስልክ ካርድ እደውልለት ነበር። አዲስ አበባ መሽቶ እሱ ሱቁን ዘግቶ ይጠብቀኛል። ልብስ ነጋዴ ነው፤ ባንኮክ እየተመላለሰ ሸቀጥ ያመጣል። በቀን የመጣበትን ደንበኛ ሁሉ በድምፁ ያስመስልልኛል። ሱሪ ለመግዛት ሦስት ቀን የተመላለሰውን መምህር፣ የባሏን ቁጥር የረሳችውን ሴትዮ። አንድ ጊዜ ሳቄ አልቆም ብሎ አለቃዬ የመኪናዬን መስኮት አንኳኩታለች፤ ያለቀስኩ መስሏት። ስድስት ወር ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ያን ድምፅ ላገባው እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ «አዲስ አበባ ሂጂና ተያዩ» ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ። እዚያ ብሄድ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ በግ ይታረዳል፣ ማነው አሁን በግ በልቶ «አይ፣ አልወደድኩትም» የሚል? እሱ ለሸቀጡ ባንኮክ በሚሄድበት ሰሞን እዚያ እንገናኝ አልን። ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። ከወደድኩት ተመልሼ ፎርሙን እፈርማለሁ፤ ካልወደድኩት አልፈርምም። አክስቴ በዚህ ተስማማች፤ ስትስማማ ግን ፊቴን አላየችም።

ከመሄዴ በፊት ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ያለች የሐበሻ ጸጉር ቤት ገብቼ ፔስትራ ተሠራሁ። ጸጉሬ ትከሻዬ ላይ እንደ ሐር ተኛ። ሠሪዋ «ውሃና ላብ ብቻ እንዳይነካው» አለችኝ።

ባንኮክ ስደርስ እሱ ወደ ሆቴሌ ስልክ ደወለ። «ዕቃ እያሸግኩ ነው። ካርጎው ነገ ይዘጋል። ነገ እመጣለሁ።» በማግስቱም «ነገ»። በሦስተኛውም ቀን «ነገ፣ ሙች ስልሽ»። ሦስት ቀን ሙሉ ጸጉሬን በሻሽ አስሬ፣ ኤሲ ከፍቼ፣ የማልሰማውን ቴሌቪዥን እያየሁ ተቀመጥኩ። ንዴቴ ጥርሴን አሳከከኝ። አክስቴ ጋ ደውዬ አልነገርኳትም፤ ለምን እንዳልነገርኳት አሁንም አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መጣ። የማታ በረራ ነበረኝ። ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ሳየው ደስ የሚል ሰው ነው፤ ቁመናው ጥሩ፣ ጥርሱ ጥሩ። ጉንጬን ሳመኝና ሰዓቱን አየ።

«ልብሱን ይዘሻል?»

ይሄ ነው የመጀመሪያ ቃሉ። ስድስት ወር አውርተን፣ ግማሽ ዓለም አቋርጬ ሄጄ። እጁ ላይ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ይዟል።

«ምንድነው እሱ?»

«ሸሚዝ ነው፤ አምስት። አክስትሽ ለእናቴ ነግራት፣ እናቴ ነገረችኝ። ከተማው መሃል ሐይቅ ያለው ፓርክ አለ። ሰፊ ነው፤ በያቅጣጫው ሌላ ቦታ ይመስላል። እዚያ እንጨርሰዋለን።»

እንጨርሰዋለን። እንደ ሸቀጥ ጭነት።

ፓርኩን ሰው ስለሚያወራለት የሚያምር ነገር ጠብቄ ነበር። ከበሩ ስንገባ ወበቁ ፊቴ ላይ እርጥብ ፎጣ እንደተጣለብኝ ሆነ። ሐይቁ አረንጓዴ ነው፤ የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ ቆሞ የከረመ ውሃ አረንጓዴ። ከላዩ ቅባት የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ቡፎርድ ሃይዌይ ያለው የእስያ ሱፐርማርኬት የዓሣ ክፍል ይሸታል አይደል? ያንን ፀሐይ ላይ አውጥተህ ሦስት ቀን ርሳው። አትላንታ ያለው የፒየድሞንት ፓርክ ሐይቅ ዳሩ ሁሉ የዝይ ኩስ ነው ብዬ አማርር ነበር፤ እዚያ ቆሜ ለዝዮቹ ይቅርታ አልኳቸው።

ውሃው ዳር ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሴትዮ ለዓሣ የሚጣል ዳቦ ትሸጣለች። ሰዎች ዳቦውን ሲወረውሩ ውሃው ይፈላል። አምባዛ ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ጢም፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቆለለ፣ አፉን ክብ አድርጎ ከውሃው ብቅ እያለ። አፍ ብቻ። መቶ አፍ። አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ ደረቁ ድንጋይ ላይ ወድቆ እየተንፈራገጠ እንኳ አፉን አይዘጋም። ዞር አልኩ።

«እዚህ ጋ ጥሩ ነው» አለ እሱ። «ዓሣ እየመገብን፤ እንደ ፍቅረኛሞች።»

ካሜራዬን ተቀብሎ ለዳቦ ሻጯ ሰጣት። ትንሽ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ከቱሪስት የለቀመችው ዓይነት። ጂንስና ቲሸርት ለብሻለሁ። እሱ ፌስታሉን ከፍቶ ሰማያዊ ሸሚዝ አወጣ፤ ገና መርፌው ያልተነቀለ፣ አንገቱ ላይ ካርቶን ያለበት። መርፌውን አንድ በአንድ እየነቀለ ኪሱ ከተተ። የዋጋ ወረቀቷን ግን አልበጠሳትም፤ ወደ ውስጥ አጠፋት።

«ለምን አትበጥሳትም?»

«ሸቀጥ ነው እኮ። ነገ መልሼ አሽገዋለሁ።»

እኔም ደደብ፣ ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። አጠገቡ ሄጄ ትከሻው ላይ ጭንቅላቴን ላሳርፍ ስል በሁለት ጣቱ ግንባሬን ገፋ አደረገኝ። በፈገግታ ነው፤ ፎቶ ላይ እየተሳሳቅን ነው የሚመስለው።

«ፊትሽን አታስጠጊ። ሜካፕ አይለቅም።»

«እና እጅህንስ?»

«እጄን እሺ» አለና ክንዱን በትከሻዬ ላይ ዘረጋው። ዘረጋው እንጂ አላሳረፈውም። በአየር ላይ ነው የያዘው፤ እጅጌው ላቤን እንዳይነካ። ሴትዮዋ ጠቅ ስታደርግ ክንዱ ወዲያው ተመለሰ፤ መዳፉንም ሱሪው ላይ ጠረገ። ይሄን ሦስት አራቴ አየሁት። ጠቅ፤ ተመለሰ፤ ጠረገ።

ልብስ የምቀይርበት የፓርኩ ሽንት ቤት ነው። ወለሉ ውሃ የተኛበት፣ መቀመጫ የሌለው፣ በር ላይ መስቀያ የሌለው። ቀሚሱን በጥርሴ ይዤ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ጫማዬን እንዳላረጥብ እየተወዛወዝኩ። የምለብሰው ሁሉ ገላዬ ላይ ይጣበቃል፤ ጎትቼ ሳወርደው ይጠቀለላል። ቢጫውን ቀሚስ ለብሼ ስወጣ ጫፉ በማን ሽንት እንደራሰ አላውቅም። እሱ ዛፍ ሥር ሸሚዙን ቀይሮ ጨርሶ ይጠብቀኛል። «ፈጠን በይ፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ዳቦ ሻጯ በጣም ተደሰተች። በየልብሱ ስንመጣ ታጨበጭባለች።

«ሌላ ሸሚዝ! ፊልም ናችሁ? ቴሌቪዥን?»

«አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምን?»

ምን ልበላት? «ልንጋባ» ብላት ደግሞ ምን ልትለኝ ነው። ባርኔጣዋን አውልቃ አየችኝና ከበረዶ ሳጥኗ ጨርቅ ነክራ አወጣች። ሳትጠይቀኝ አንገቴን፣ ከዚያ ግንባሬን ጠረገችልኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ የዓሣ ሽታ አለው፤ ግን አልቀፈፈኝም። ያን ቀን ሳይጸየፍ የነካኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ምሳ በስንጥር የተሰካ የተጠበሰ ዶሮ ገዝተን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፌስታሉ በመሃላችን ነው። ገና አንዴ ሳልጎርስ ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። የሰው ቁመት የሚያክል፣ ጥቁር፣ ቆዳው የተላጠ፣ ምላሱን እያወጣ እያስገባ።

«አዞ!» ብዬ ጮህኩ።

«አዞ አይደለም፤ አርጃኖ ነው። አይነክስም» አለ። ይህን ሲል ግን ከመቀመጫው ተነስቷል። አርጃኖው ሆዱን እየጎተተ ቀጥ ብሎ ወደኛ መጣ፤ የዶሮው ሽታ ነው የጠራው። አፉ ጥግ ላይ የበላው ዓሣ አንጀት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ አግዳሚው ላይ ቆምኩ። እሱ መጀመሪያ ፌስታሉን አነሳ። ደረቱ ላይ አቅፎ አምስት እርምጃ ከራቀ በኋላ ዞር ብሎ «ነይ እንጂ!» አለኝ።

ዶሮዬን ወረወርኩለት፤ ለአርጃኖው። ከነስንጥሩ ዋጠው።

ከሰዓት በኋላ ጀልባ ይዘን ሐይቁ ላይ ገባን። ረጅም አንገት ያለው ነጭ ወፍ የሚመስል፣ ሁለት ሰው ፔዳል እየረገጠ የሚነዳው ፕላስቲክ ነው። ሐምራዊውን ለብሻለሁ፤ እሱ ባለ መስመር ሸሚዝ። ጸጉሬ ከግንባሬ አልፎ ወደ ጆሮዬ መነሳት ጀምሯል። ቢያንስ እዚህ ማንም የለም ብዬ ጠየቅኩት።

«ስለኔ ምን ታውቃለህ?»

«ኧረ ብዙ። ቻምብሊ ትኖሪያለሽ። ሲቲዝን ነሽ። ነርሲንግ ሆም ትሠሪያለሽ። አክስትሽ…»

«ይሄ ፎርሙ ላይ አለ። ሌላ።»

ፔዳሉን አቆመ። «ሌላ ምን?»

«ሰፈራችሁ ብኖር፣ በሱቅህ በር ባልፍ፣ ቀና ብለህ ታየኝ ነበር?»

ሌላ ሰው «እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው» ይል ነበር። እሱ አሰበበት። «አልዋሽሽም» አለ። «አላይሽም ነበር።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ያናደደኝ መልሱ አይደለም፤ መልሱ ቢያንስ ታጥቦ የቀረበ ነው። ያናደደኝ እስክጠይቀው ድረስ ሳይነግረኝ መቆየቱ ነው። ከዚያ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ የባንኮክ ሸቀጥ ሻጮች ሲከራከሩት በድምፃቸው ማስመሰል ጀመረ። አንዷን ካልኩሌተር ይዛ የምታለቅሰውን፤ አንዱን ሸሚዙን በሻማ አቃጥሎ «አይቃጠልም» የሚለውን። የስልኩ ሰውዬ ነው! ስድስት ወር መኪናዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት እሱ ነው! ሳላስበው ሳቄ ፈነዳ፤ ጀልባው እስኪወዛወዝ።

«እንዲህ! እንዲህ ሁኚ!» አለና ካሜራውን ብድግ አድርጎ ፊታችን ላይ አዞረው። «እንዳታቆሚ፣ ሳቂ!»

ጠቅ።

ከዚያ በኋላ ምንም ቢያስመስል አልሳቅኩም። ራሴንም ግን ልናገር፤ እሱ ጠቅ ሲያደርግ እኔም ውስጤ ‹ይሄኛው ጥሩ ፕሩፍ ይወጣዋል› ብያለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ። ከአርጃኖው ይልቅ ያ ነው እስከዛሬ የሚቀፈኝ።

አምስተኛው ልብስ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ሊሮጥ፣ ስፖርት ሊሠራ ወደ ፓርኩ ይገባል። በዚያ ወበቅ በዚያ ቀሚስ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጸጉሬ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቆሞ። እሱ ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፤ ከሁሉም ውዷ እሷ ናት አለኝ። ዳቦ ሻጯ ሳጥኗን ዘግታ እየጠበቀችን ነው። ውሃውን ከጀርባችን አደረግን። ክንዱን እንደተለመደው በአየር ላይ ዘረጋ።

ልክ ያኔ ከዛፎቹ መሃል ድምፅ ማጉያ ጮኸ። አስራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ የአገሩ መዝሙር ነው። ሰው ሁሉ በቆመበት ደረቀ። የሚሮጠው ቆመ። እጁን ወደ ላይ የዘረጋው አወረደ። ዳቦ ሻጯ ካሜራውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች።

«እንዳትነቃነቂ» አለኝ በሹክሹክታ። «እዚህ አገር ነውር ነው። ሰው ይቆጣል።»

ቆምን። ክንዱ በአየር ላይ ነው። ሊያወርደው አይችልም፤ ሊያሳርፈውም አይፈልግም። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተሰማኝ፤ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ ክርኑ። መዝሙሩ አያልቅም። ውሃው ዳር አንድ አርጃኖ ብቻ ሰው ሁሉ በቆመበት እየተጎተተ ያልፋል። እኔም ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ እየቆጠርኩ ይሄ ሰው ምን ያህል ይችላል ብዬ ጠበቅኩ። እስኪያልቅ ድረስ ከቻለ፣ ድፍን ዕድሜውን ይችላል። ደግሞ ቢያሳርፈው ኖሮ፣ ከድካም ሳይሆን እንዲያው በፈቃዱ፣ ያን ጊዜ እኔ ምን እሆን ነበር? እፈርምለት ነበር መሰለኝ። እንደዚያ ቀላል ነበርኩ።

ሊያልቅ ሲል ክንዱ አቃተው። ዱብ ብሎ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከባድ ነው፤ ሙቅ ነው፤ የሰው እጅ ነው። መዝሙሩ ሲቆም ዳቦ ሻጯ ፈጠን ብላ ጠቅ አደረገችው።

እሱ ክንዱን አንስቶ እጅጌውን አየ። ነጠላዬ በላብ ርሷል፤ እጅጌው ላይ የሜካፕ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል።

«ተበላሸች» አለ። ሸሚዟን ነው።

አልፈርምም ብዬ የወሰንኩት እዚያ ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ሲጠራልኝ «ስትደርሺ ፋይሉን ቶሎ አስገቢ» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ጉንጬንም አላስሳምኩትም።

አትላንታ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ፋርማሲ አሳጥቤ አመጣሁ። ምንም ሳልል ለአክስቴ ሰጠኋት። ኪችን ጠረጴዛው ላይ ከፎርሙ አጠገብ ዘረጋቻቸው። «ውይ፣ መልከ መልካም ነው! እናቱን ነው የመሰለው!» አለች። በልብስ በልብስ መለየት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን። መሃል ላይ እጇ ቆመ። አንዷን ፎቶ አነሳች፣ ሌላዋን አነሳች። ከዚያ እንደገና ደረደረቻቸው፤ አሁን በልብስ አይደለም።

«ይሄ ጠዋት ነው» አለች። «ፔስትራሽ እንደተኛ ነው። እዚህ ጋ ግንባርሽ ላይ ተነስቷል፤ ከምሳ በፊት። ጀልባዋ ላይ ጆሮሽ ድረስ ሄዷል። በሐበሻ ቀሚሱማ…» ሳቀች። ጸጉሯን ሠላሳ ዓመት ያስተኮሰች ሴት ነች፤ ማን ያታልላታል? ከዚያ ሳቋ አለቀ። «አንድ ቀን ነው?»

«አንድ ቀን ነው።»

«አራት ቀን ሄደሽ?»

«ሦስቱን ዕቃ አሸገ።»

መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። መፍትሄ ፍለጋ ነው፤ አውቃታለሁ። «ነጮቹ ጸጉር አያውቁም። አያስተውሉትም» አለች። ከዚያ አንዷን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየች። «እጁ ምን ሆኖ ነው? ቆስሏል እንዴ?»

«ሸሚዙ ሸቀጥ ነው። ላቤ እንዳይነካበት ነው።»

«ምን?»

«የሚሸጠው ሸሚዝ ነው፣ እትዬ። ሁሉም። የዋጋ ወረቀታቸው አንገታቸው ውስጥ አለ።»

እስክሪብቶውን አንስታ «እዚህ ላይ ነው የምትፈርሚው» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትለኝ ልጮህባት ተዘጋጅቻለሁ። አላለችም። ፎርሙን አጠፈችው።

«እናቴን ያጠቡ ሰው ናቸው» አለች። «ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እኔ ልንገራቸው።»

«አንቺ አፍሽ መጥፎ ነው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ደወለችላቸው። ቆማ ነው ያወራችው። «እርስዎ ልክ ነዎት» ትላለች። «አዎ። አዎ። የልጅ ነገር ነው። እርስዎ ያደረጉልንን እንዴት እረሳለሁ።» ስለ ሸሚዙ አልተናገረችም። ጥፋቱን ሁሉ በኔ ላይ ደፋችው፤ ሁለታችንም የሚሻለው ያ እንደሆነ እናውቃለን። ስልኩን ስትዘጋ እጇ ላይ የስልኩ ቅርጽ ታትሟል። ከዚያ ወዲያ እኚያ ሴትዮ ደውለው አያውቁም። እሷም በሰዓቱ ምንም አላለችኝም፤ ግን ለአንድ ወር ያህል ፎርም ሊያስሞላ የመጣን ሰው ሁሉ «አልችልም» እያለች መለሰች።

እኔ ለእሱ በምሳ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ቀድሞ ሰምቷል።

«እንዲህ ብለሽ ታዋርጂናለሽ?» አለ። ድምፁ የስልኩ ሰውዬ ድምፅ ነው።

«አታየኝም ነበር ብለሃል።»

«እውነቱን ስለነገርኩሽ ነው?»

«እሱማ የተሻለው ነገርህ ነው።»

ካርዱ ሊያልቅ ነው፤ በስልክ ካርዱ የተቀዳችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ደቂቃ ስትቆጥር ሰማሁ።

«ስሚ» አለ። «ያቺ በነጩ ሸሚዝ የተነሳናት ፎቶ፣ የመጨረሻዋ። ጥሩ ወጥቻለሁ?»

«ወጥተሃል።»

«እሷን ላኪልኝ። ሸሚዟንም እኔው ለበስኳት፤ አልሸጥኳትም።»

ለምን እንደሚፈልጋት ጠየቅኩት። «ለማስታወሻ» አለኝ። ለማስታወሻ አይደለም። ሌላ ከተማ፣ ሌላ አክስት፣ ሌላ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ልትዘረጋ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ቀን ውስጥ መልካም ሰው የሚመስልባት ያቺ ብቻ ናት። ብይዛትም ምን ይሠራልኛል ብዬ እሺ አልኩ።

ማታ ከሥራ ስመለስ የአክስቴን መቀስ ወስጄ ራሴን ከፎቶዋ ቆርጬ አወጣሁ። ጸጉሬ፣ ፊቴ፣ ጥለቴ፣ እየተጠነቀቅኩ። ትከሻዬ ጋ ስደርስ መቀሱ ቆመ። እጁ እዚያ ነው ያረፈው፤ አራት ጣቱ ነጠላዬ ላይ። እሱን ሙሉ ልተወው ካልኩ ከትከሻዬ ቆርሼ መስጠት አለብኝ።

«ጣቱን ቁረጪው» አለች አክስቴ፣ ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል።

ጣት የሌለው ሰው ማን ይፈልጋል? በጣቶቹ ዙሪያ ዞሬ ቆረጥኩ። ከነጠላዬ አንድ ብጣሽ፣ ከነላቡ፣ አብሮት ሄደ።